መጣሁ ብሎ የወጣ ደንበኛ

እንቅልፍ ከእሱ ጋር ከተኳረፈ ሰንብቷል። ሰው ሁሉ በሚነሳበት በጠዋት እሱ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ይተኛል፤ ይተኛል መባሉ ነው እንጂ ተጋድሞ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ጣሪያውም ወግ ያለው ጣሪያ አይደለም፤ ዘመም ብሎ እስከ ትራሱ የሚወርድ፣ ቀና ባለ ቁጥር ግንባሩን የሚለው የጥንት ወራጅ ነው። ምስማር መምታት ክልክል፣ ቀለም መቀባት ክልክል፣ መስኮቱን መቀየር ክልክል፤ ሰፈሩ በሙሉ ቅርስ ነው ይሉታል። ይሁን፣ ቅርስ ይሁን፤ ግን ቅርስ ውስጥ የሚኖር ሰው ካልሲውን የት ያስጣ? ገመድ የሚያስርበት አጥቶ በአንዲቷ ወንበሩ ጀርባ ላይ ያሰጣል። ከታች፣ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ፣ የቢራ በርሜል እየተንከባለለ ያልፋል፣ ድንጋዩ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ወንበር ከጠረጴዛ ላይ ይወርዳል፣ ቋ፣ ሌላው ይወርዳል፣ ቋ፣ አባቱ ቤቱን ሊከፍት ነው፣ መነሳት አለበት፣ ውሃው ካልተጣደ ይቆጣል፣ ብሎ እግሩን ከብርድ ልብሱ ያወጣና ወለሉ ይቀዘቅዘዋል። የአባቱ ቤት ወለል እንዲህ አይቀዘቅዝም ነበር። ታዲያ የት ነው ያለው? ቀስ እያለ ይመጣለታል፤ ከመጠጥ ቤቱ በላይ ነው፣ ከሚሠራበት ቤት አናት ላይ፤ አባቱ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው፣ እህል ከቀመሰም ሰንብቷል።

እንቅልፉን የነሳው ይኸው ነው፣ ሌላ ሰበብ አይፈለግለትም። ገና ጫማውን አውልቆ ጎኑን ሳያሳርፍ ነው እህቱ የደወለችው። ታላቁ ናት፣ እትዬ ነው የሚላት፤ አባታቸውን ብቻዋን የያዘችው እሷ ናት፣ እሱ በስልክ ነው የሚይዘው። በስልክ ሰው ይያዛል እንዴ? «ዛሬም እምቢ አለ» አለችው። ሐኪሙስ ምን አለ? «ሆዱ ደህና ነው፣ ጉሮሮውም ደህና ነው፣ የጠፋው እዚህ ነው አለኝ» አለች፤ እዚህ ስትል ግንባሯን ሳትነካ አልቀረችም፣ አያያትም ግን ያውቃታል። «በዚህ ከቀጠለ ግን ሳምንት አይገፋም ብሎኛል። አቅሙ አልቋል፣ ትናንት ከወንበር አንስቼ ነው ያስተኛሁት። እንግዲህ አንተም የምትችለውን አድርግ፣ እኔ ደከመኝ።» ደከመኝ ብላ አታውቅም። እሱ ትራሱን ገለበጠው፣ የገለበጠውም በኩል ሞቋል፤ ምን ያደርጋል እሱ፣ ምን እጅ አለው፣ እጁ ከዚህ ተነስቶ እስከዚያ አይደርስ።

አባቱ ዕድሜውን በሙሉ ምግብ ቤት የነበረው ሰው ነው። ምግብ ቤት ሲባል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስል፤ የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ናት፣ ጥቂት ጠረጴዛ፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሻይ። ሰፈሩ አሮጌ ነበር፣ ግድግዳው ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተደጋግፎ የቆመ፣ አንዱ ቤት ቢያስነጥሱ ከወዲያኛው ቤት ይማርህ የሚሉበት። አባቱ ብዙ ሕግ አልነበረውም፣ ሁለት ብቻ ነበሩት። አንደኛ፣ እንግዳ ሳይበላ ባለቤት አይጎርስም፤ እሱ የሚበላው የመጨረሻው ደንበኛ ከወጣ፣ ወንበሮቹም ጠረጴዛው ላይ ከተሰቀሉ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ምግቡን ትቶ መጣሁ ብሎ የወጣ ሰው፣ ይመጣል። ሳህኑ በሌላ ሳህን ይከደናል፣ ወንበሩም ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ደፍቶ ይጠብቀዋል። ይሄ ሰው አለው ማለት ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሰው ቆሞ ቢውል እንኳ ያቺ ወንበር አትነካም፤ ተው ጋሼ፣ ይሄ ሰው ቀርቷል ቢሉት፣ መጣሁ ብሎኛል፣ ይላል፣ አለቀ።

ቤቱ ከተዘጋ ዘመን ሆኖታል። የአባቱ አእምሮም እንደ አሮጌ ሹራብ ከአንድ ጫፍ መተርተር ጀመረ፤ መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የመንገዱ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ የሚስቱ መሞት። ያልተተረተረው ምግብ ቤቱ ብቻ ሆነ። አሁን በየጠዋቱ ይነሳና ወንበሮቹን ያወርዳል፣ እህቱን እንቁላል ያስጠብሳል፣ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ በሳህን ይከድነዋል፣ ወንበሩን ይደፋና ቁጭ ይላል። «ደንበኛ አለኝ» ይላል። «መጣሁ ብሎ ነው የወጣው።» ደንበኛው ሳይበላ ደግሞ እሱ አይበላም። ማነው ደንበኛው? ቢሉት ደንበኛ ነዋ ይላል፣ ስም የለው፣ መልክ የለው። እህቱ ያልሞከረችው የለም። ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊውን ለምና፣ አንተ ነህ ደንበኛው፣ ግባና ብላለት ብላ አስቀመጠችው። ልብስ ሰፊው አንዴ እንደጎረሰ አባቱ ከላይ ቆመበት። «ተነስ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሰው አለው።» ምስኪን፣ ያፉን ሳይውጥ ነው የወጣው። ወንበሮቹን ራሷ ሰቅላ፣ አባዬ ተዘግቷል ብትለው ደግሞ የጥጓን አንዲት ወንበር መልሶ ያወርዳታል።

እሱም በስልክ የአቅሙን ሞክሯል። «አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅህ። ብላ እንጂ» አለው። «ልጄ ውጭ አገር ነው» አለ አባቱ። «እኔ ነኛ ውጭ አገር ያለሁት።» «እንግዲያው እዚህ ምን ትሠራለህ?» በሌላው ቀን ከሰል ሻጩ ሆነ፣ ነገ በጊዜ አምጣ፣ ባለፈው ያመጣኸው እርጥብ ነው ተባለ፤ እሺ ጋሼ ብሎ ዘጋ፤ ቀኑን ሙሉ ግን የሆነ ቦታ ከሰል ማድረስ ያለበት ይመስለው ነበር፣ እየሠራም ቆም እያለ ምን ነበር የረሳሁት ይላል። በሌላው ቀን ደግሞ የሞተው አጎቱ ሆነ፤ አባቱ አለቀሰለት፣ የት ነበርክ ወንድሜ ብሎ፤ እሱም አብሮ አለቀሰ። ለማን እንዳለቀሰ እስካሁን አያውቅም።

በእንቅልፉ ተስፋ ቆርጦ ይነሳና ይወርዳል። ጠባቧ መንገድ ግራና ቀኝ መጠጥ ቤትና ምግብ ቤት ናት፤ አንዱ የፈረስ ጋጣ ነበር፣ አንዱ የጨው መጋዘን፣ የእሱ ቤት ደግሞ ቀጥቃጭ ቤት ነበር ይላሉ፤ አሁን ፈረስ የቆመበት ቦታ ሰው ተቀምጦ ወይን ይጠጣል፣ ጎብኚው በሩን ፎቶ ያነሳል፣ በሩ ውስጥ ያለውን ሰው ግን አይቶት አያውቅም። ድንጋዩ ላይ ትንንሽ የነሐስ ጌጦች ተቸንክረዋል። ጌጥ ነበር የመሰለው ሲመጣ፤ ድንበር ነው ለካ፤ የጠረጴዛ እግር ከዚያ አንድ ጣት ካለፈ ተቆጣጣሪ መጥቶ ጉድ ያፈላል። ሰው ስለ ርስት ሲካሰስ ያውቃል፣ ስለ ወንበር እግር ሲካሰስ ግን እዚህ ነው ያየው። ትዕዛዝ የሚቀበለው እንደ ስልክ በጣት በሚነካ መስታወት ነው፤ መስታወቱን ሲነካ ወጥ ቤት ውስጥ ወረቀት ይወጣል፣ አብሳዩ፣ ጠብደሉ ሰውዬ፣ ወረቀቱን ያነብና ይሠራል፣ ማንም አይጮኽም። አባቱ ቤት ትዕዛዝ የሚጠራው እሱ ነበር፣ ከበር ሆኖ፣ «አንድ እንቁላል፣ ዳቦ ይደረብ» ሲል መንገደኛ ዞር ይል ነበር፤ ደወሌ ነበር የሚለው አባቱ። እዚህ ደወሉ መስታወት ይነካል። ዛሬም እጁ ሳያዘው እንቁላል ነክቶ ኖሮ ጠብደሉ ባለቤት የሌለው እንቁላል ይዞ ብቅ አለ፣ የማነው? እሱም ከመስታወቱ ላይ ሰረዘው። ባለቤቲቱ መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ከውስጥ ታየዋለች። ጥሩ ሴት ናት፣ ሕጓ ግን ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ፣ ሠራተኛ በደንበኛ ወንበር አይቀመጥም።

ከምሳ በኋላ መንገዱ ረገብ ቢልም ቦታ ጠባቂ ሳይጠፋ፣ ፀሐይዋም በጣሪያዎቹ መሃል አንዲት ቀጭን መንገድ አግኝታ እስከ ጠረጴዛዎቹ ወርዳለች። ጫፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው እንቁላል አዝዞ፣ ገና ሹካውን ሳያነሳ ስልኩ ጮኸ። ሰውየው ጣቱን ቀስሮ፣ ቆይ እንደማለት፣ እያወራ በመታጠፊያው በኩል ተሰወረ። እሱ ምንም አላሰበም፤ እጁ ነው ያሰበው። ባዶ ሳህን አንስቶ ምግቡን ከደነው፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ደፋው። ባለቤቲቱ ወጣች።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሰውየው ይመለሳል።»

«ሰው ቆሞ እየጠበቀኮ ነው። ሳይበላ ሄዶ ይሆናል፣ አንሳው።»

«መጣሁ ብሎ ነው የወጣው» አላት፤ ያላት ግን በራሱ ቋንቋ ነው፣ በአባቱ ድምፅ፣ በአባቱ ቁጣ። እሷ ምንም አልገባትም፣ ትከሻዋን ነቅንቃ ገባች። የገባው ለእሱ ነው። ቆመ። መጣሁ ብሎ የወጣው ማነው? ከዚያ ቤት፣ ከዚያች ጥግ፣ ምግቡን ሳይቀምስ መጣሁ ብሎ የወጣው ማነው?

የሄደበት ቀን ጠዋት ነው። ሻንጣው በር ላይ ነው፣ መኪናው ከተባለው ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ጡሩምባ ያስጮኻል። ቁጭ በል፣ ባዶ ሆድህን አትወጣም ይላል አባቱ፣ ጥጓ ላይ ያስቀምጠዋል። ትዕዛዙን ያን ቀን አባቱ ነው የጠራው፣ ድምፁ ሻክሮ፣ «አንድ እንቁላል፣ ለልጄ።» እንቁላሉ መጥቷል፣ ይጨሳል፣ ሾፌሩ ደግሞ ይጮኻል፣ እሱ የሚያስበው ስለ ወረቀቱ ነው፣ ስለ መንገዱ፣ እንባው እንዳይመጣ ነው የሚያስበው፤ ሻንጣውን ልጫንና መጣሁ አባዬ፣ ይላል፣ ይወጣል፣ ሻንጣው ይጫናል፣ ሾፌሩ ግባ ይለዋል፣ ይገባል፣ መኪናው ይሄዳል። አልተሰናበተም። ያን ሁሉ ዘመን ስለዚያ ጠዋት ሲያስብ የሚታየው እቅፍ አድርጎ ሲስመው ነው፤ አልሳመውም። አእምሮው ነው የሳመለት። ማነው ታዲያ የረሳው፣ አባቱ ነው ወይስ እሱ? ሽማግሌው ሁሉን ረስቶ ይሄን ይዞ ቀረ፣ ልጁ ሁሉን ይዞ ይሄን ረሳ። አፈረ። በመሃል ያ ደንበኛ ከመታጠፊያው ተመልሶ መጣ፣ ወንበሩን አቃና፣ ክዳኑን ሲያነሳ እንፋሎት ወጣ፤ ሳያመሰግንም መብላት ጀመረ።

ሰውየው በልቶ እንደወጣ እሱ መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ ወረወረውና የወጥ ቤቱን በር ይዞ ጠራ። «አንድ እንቁላል፣ ዳቦ ይደረብ።» በራሱ ቋንቋ ነው የጠራው፣ እንደ ድሮው፤ መንገደኛው ዞር አለ። ጠብደሉ አንገቱን አወጣ፣ አየው፣ አንድ ጣቱን ቀስሮ አንድ? አለ በምልክት። አንድ። ሌላ ሳይጠይቅ፣ የቅድሙን እንቁላል አስታውሶ ሠራለት። እህቱ ጋ ደወለ። «እትዬ፣ የተከደነው ሳህን አለ?» «የት ይሄዳል?» «ስልኩን ሳህኑ አጠገብ አድርጊው፣ ድምፁን ክፈቺው። እኔን በስም እንዳትጠሪኝ።» «ምን ልታደርግ ነው አንተ ልጅ?» «ልበላ ነው» አላት፣ ጫፍ ያለችውን ወንበር ስቦም ተቀመጠባት።

«ጋሼ» አለ። አባቱን በሕይወቱ ጋሼ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፣ ጋሼ የሚሉት ደንበኞቹ ናቸው።

«አቤት።» ድምፁ ቀጥኗል፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

«ቆየሁብህ፣ ይቅርታ። መጣሁ ብዬ ነበር የወጣሁት።»

አሁን ከሰል ሻጭ ሊያደርገኝ ነው፣ አሁን ሊዘጋው ነው፣ እያለ ሹካውን ይዞ ጠበቀ።

«የት ጠፋህ አንተ?» አለ አባቱ። ተቆጥቷል፣ ደስ ብሎታልም። «እንቁላሉ ቀዘቀዘኮ።»

«ሰው ይዞኝ ነው ጋሼ።»

«ሰው ይይዛል» አለ አባቱ፣ እያሰበ። «በል ቁጭ በል። ይሙቅልህ?»

«ግድ የለም፣ እንዲሁ እበላዋለሁ።»

«ኧረ በእኔ ቤት አይደረግም። አንቺ፣ ነይ አሙቂለት።» የእህቱ ነጠላ ጫማ ሲሮጥ ተሰማ፣ ምጣዱ ተንኳኳ፣ ተመልሶ ሳህኑ ሲቀመጥ ተሰማ። እዚህ ደግሞ ጠብደሉ የእሱን ሳህን ፊቱ አስቀመጠ። በላ። ሹካውን ሆን ብሎ ከሳህኑ ጋር አጋጨ፣ ዳቦውን ስልኩ አጠገብ ቆረሰ። ጨው ይጨመርልህ? ተባለ፤ በቂ ነው አለ። ሻይስ? ሻይም ይምጣ አለ።

«ድምፅህን የማውቀው ይመስለኛል» አለ አባቱ።

«የድሮ ደንበኛህ ነኝ።»

«እኔም አንድ ልጅ ነበረኝ። ትዕዛዝ ሲጠራ ሰፈሩ ይሰማል። ደወሌ ነበር የምለው።»

«የት ሄደ?»

«እንጃ» አለ አባቱ። «እዚሁ ነበር።»

እኔ ነኝ፣ ለማለት አፉ ተከፈተ። ደወሌ እኔ ነኝ፣ አባዬ፣ ሳልስምህ የሄድኩት እኔ ነኝ። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቢለው ግን ልጄ ውጭ አገር ነው ይላል፤ ልጁ ውጭ ከሆነ ደንበኛው የለም፣ ደንበኛው ከሌለ ሳህኑ እንደገና ይከደናል። የመጨረሻዋን ቁራሽ ጎረሰ፣ ከነቃሉ አብሮ ዋጣት።

«ጠገብክ?»

«ጠገብኩ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አብሮ ይስጠን። ሌላ ጊዜም ጎራ በል።» ቀጥሎ ወደ ጎን፣ እየራቀ፣ «ወንበሩን ስቀዪው፣ ደንበኛ አልቋል። የእኔን አምጪ።» ወንበሩ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ተሰማው፣ ቋ። ከዚያ ማንኪያ፣ ደጋግሞ።

«እየበላ ነው» አለችው እህቱ ስልኩን አፏ ላይ ደፍታ፣ እያለቀሰች። «እየበላ ነውኮ። አንዱን ጨርሶ ጨምሪልኝ አለኝ። ምን አደረግከው?»

«ነገስ ሳህን ይከድናል?»

«እኔ እንጃ። አሁን ግን በሩን ዝጊው፣ ከእንግዲህ የሚመጣ የለም እያለኝ ነው።»

የሚመጣ የለም። እሱ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ደስ ብሎታል፣ እውነቱን ነው፤ ግን ያቺ ወንበር ለእሱ ፊቷን ደፍታ የምትጠብቅ መሆኗን ያወቀው ዛሬ ነው፣ ዛሬውኑ ደግሞ ተሰቀለች። አሁን እዚያ ቤት ማን ነው እሱ? ልጁ ጠፍቷል፣ ደንበኛው ወጥቷል። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ላይ ሸሽታለች። ባለቤቲቱ መነጽሯን አድርጋ አጠገቡ ቆማለች፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አያውቅም።

«ማን ተቀመጥ አለህ?» አለችው፤ ፊቱን አይታ ድምጿን ቀነስ አደረገች።

ተነሳ። ሳህኑን አነሳ፣ ጠረጴዛውን ጠረገ፣ ወንበሯን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ሰቀላት። በጠራራ ቀን፣ ግራና ቀኝ ቤቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ ሰው ቦታ እየፈለገ።

«ምን ማድረግህ ነው? ገና አልዘጋን» አለች። ሳህኑን አየች፣ ሹካውን አየች፣ መታጠፊያውን አየች። «ደግሞ ሌላ ሰው ነው? ይመለሳል?»

«አይ» አላት። «በልቶ ሄዷል።»